ኩመሩ ላይ የቀረችው ጎጆ

ባንዳ ቤት እያቃጠለ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እህላችንን ቋጥረን ጫካ ልንገባ ስንጣደፍ አጎቴ ጓሮ ተቀምጠው ቀርቀሃ ይቆርጣሉ። የያንዳንዱን አንድ ጫፍ በጭቃ ደፍነው፣ ባንድነት አስረው፣ የሣር ክዳን አልብሰው ጓሯችን ካለው የኩመር ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ቀፎ የማያውቁት ትንንሽ የጓሮ ንቦች ክረምቱን እንዲያልፉበት ነው። እነሱ በጎርፍ ካለቁ የዘራነው ዱባ ያብባል እንጂ አያፈራም።

አክስቴ ተቆጡ። «ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ እርስዎ ለትንኝ ጎጆ ይቀልሳሉ?»

«የኛን ያቃጥሉታል» አሉ አጎቴ፣ ቀና ሳይሉ። «ይችን ግን ማን ልብ ይላታል?»

አጎቴን ጫካ ውስጥ ወባ ገደላቸው። ዝናቡ አባርቶ ስንመለስ ቤታችን አመድ ነበር። በቀርቀሃው አፍ ግን ንብ ይገባል፣ ይወጣል። ያለ አራሚ ያደገው ዱባ አጥሩን ወጥቶ በየቅጠሉ ሥር ፍሬ ይዟል። ያን በጋ ያቆየን እሱ ነው።

አክስቴ አላለቀሱም። ወርደው ሣር አጭደው መጡ። ለቤታችን መስሎኝ እንጨት ማቆም ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ሄዱና መጀመሪያ ኩመሩ ላይ ያለችውን የንቦቹን ጎጆ ክዳን አደሱ።