በሰሌን የተተካው ላስቲክ

(ደብረ ብርሃን፣ የወይዘሮ ትርንጎ ሳሎን። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ውጭ አገር ተምራ ከሕፃን ልጇ ከጽዮን ጋር የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ፍሬሕይወት የወለሉን ፕላስቲክ ምንጣፍ አንስታ ሰሌን አንጥፋበታለች።)

ትርንጎ፦ አንሺው! ነጠላዬን ሳላወልቅ አንሺው አልኩሽ!

ፍሬሕይወት፦ እትዬ፣ እስቲ ጫማዎን አውልቀው ይርገጡት።

ትርንጎ፦ ሰሌን ልርገጥ? እዚህ ቤት ማን ሞቷል?

ፍሬሕይወት፦ ማንም አልሞተም። የዘንባባ ቅጠል ነው፤ ንጹሕ።

ትርንጎ፦ አባቴን ጠቅልለን የቀበርነው በዚህ ነው። እናቴንም። አንቺ ደግሞ ሕፃን ልታስድሂበት! ባሕር ማዶ ሰሌን ለምን እንደሚሆን አስረስተው ነው የላኩሽ?

ፍሬሕይወት፦ አላሰብኩትም። እውነቴን ነው፣ የማስበው ስለ ላስቲኩ ብቻ ነበር።

ትርንጎ፦ ላስቲኩ ምን አደረገሽ? አንቺ ስትመረቂ ሰፈሩ ሁሉ የጨፈረበት ነው። ጠርዙ እንዳይነሳ በምስማር የመታሁት እኔው ነኝ።

ፍሬሕይወት፦ እንዲለሰልስ የሚጨምሩበት ኬሚካል አለ። ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከአቧራው ጋር ይቀላቀላል። ጽዮን ደግሞ ወለል ትልሳለች፣ አይተዋታል።

ትርንጎ፦ እና ይገድላል?

ፍሬሕይወት፦ ይገድላል አላልኩም። ለሕፃን ጥሩ አይደለም ነው። የእኛው ምን ያህል እንዳለበት እንኳ አላውቅም። ግን ሌላ ማንጠፍ ከተቻለ ለምን በልጅ እንሞክረዋለን?

ትርንጎ፦ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው «አላውቅም» ማለት ነው?

ፍሬሕይወት፦ አብዛኛው እሱ ነው።

ትርንጎ፦ ከመንዝ ያስመጣሻት የሱፍ ምንጣፍስ?

ፍሬሕይወት፦ ትንሽ ናት፤ ለጽዮን ጓዳ አነጠፍኳት። ለሳሎን አትበቃም።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ላስቲኩን መልሺው። ነገ የማኅበሩ ተራ የኔ ነው። ሴቶቹን ሰሌን ላይ ላስቀምጥልሽ?

ፍሬሕይወት፦ መመለስ አይቻልም።

ትርንጎ፦ ለምን? የት አደረግሽው?

ፍሬሕይወት፦ ውጭ።

ትርንጎ፦ ውጭ የት? ስገባ አላየሁትም።

ፍሬሕይወት፦ ተወሰደ።

ትርንጎ፦ ለቆራሌው ሰጠሽው?

ፍሬሕይወት፦ ለዘነቡ።

ትርንጎ፦ ለጎረቤታችን? ለባለ ሕፃኗ?

ፍሬሕይወት፦ ጠቅልዬ ሳወጣው አይታ «ይፈለጋል?» አለችኝ። «ውሰጂው» አልኳት።

ትርንጎ፦ አሁን ለእኔ ያልሽውን ነገርሻት?

ፍሬሕይወት፦ አልነገርኳትም።

ትርንጎ፦ ፍሬ!

ፍሬሕይወት፦ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፣ እትዬ! ልጇ የሚድኸው እርጥብ አፈር ላይ ነው። «ከጭቃ ወጣልኝ» እያለች ስትመርቀኝ ምን ልበላት? ከጭቃውና ከላስቲኩ የቱ እንደሚብስ እኔስ መች አውቄ!

ትርንጎ፦ ለጽዮን ሲሆን ግን አውቀሻል።

ፍሬሕይወት፦ አዎ።

ትርንጎ፦ ምነው ጆሮሽን ግድግዳው ላይ ጣልሽ?

ፍሬሕይወት፦ የዘነቡ ልጅ ሲስቅ ይሰማኛል። ካነጠፈችለት ጀምሮ እየሳቀ ነው።

ትርንጎ፦ እህ።

ፍሬሕይወት፦ ሰሌኑን ልውሰድላትና ላስቲኩን ልቀበላት?

ትርንጎ፦ የሰው ሕፃን ቤት ሰሌን ተሸክመሽ ልትገቢ? ልጄን ሟርተሽ ልትገድይብኝ ነው ብላ ትጮህብሻለች!

ፍሬሕይወት፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

ትርንጎ፦ ጓዳ ግቢና ሱፏን ጠቅልይ።

ፍሬሕይወት፦ የጽዮንን?

ትርንጎ፦ የጽዮንን። የዘነቡ ቤት ጠባብ ነው፤ ከሥሯ ገለባ ካደረገች ትበቃታለች። ላስቲኩን ለምን እንደምትወስጂባት ደግሞ በአፍሽ ንገሪያት። «አላውቅም» ያልሽኝንም ጭምር።

ፍሬሕይወት፦ ጽዮንስ፣ እትዬ?

ትርንጎ፦ ጽዮን ሰሌኑ ላይ ትዳህ። ቆይ፣ ነጠላዬን ያዥልኝ፤ መጀመሪያ እኔ ልቀመጥበት። ሞት ከመጣም አሮጊቷን ያግኝ።