የናሆም ምሳ

ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ የምንጋራው ጓደኛዬ ናሆም በምሳ እረፍት ኳስ ሲጫወት ድንገት ወድቆ ሞተ። ማንም ምክንያቱን ስላላስረዳን ሁለት ቀን ሙሉ በሞባይሌ ስለ ልብ አነበብኩ፤ ለእናቱ የማስረዳው እኔ ነኝ ብዬ። በሠልስቱ ሲኤምሲ፣ ኮንዶሚኒየማቸው ግቢ ከተተከለው ድንኳን ገብቼ እናቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ መስመሩ ላይ ችግር ይኖርበታል፤ ከውጭ ግን አይታወቅም» እያልኩ መዳፌ ላይ በጣቴ እየሣልኩ ብዙ አወራሁ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ ስጨርስ። «ያን ቀን ግን ምሳውን በልቶ ነበር?»

ናሆም ያን ቀን ወደ ኳሱ ሲሮጥ «አንተ ጨርስልኝ፤ እማዬ ተርፎ ካየች ትቆጣለች» ብሎ ምሳ ዕቃውን ሰጥቶኝ ነበር። ፓስታውን የበላሁት እኔ ነኝ።

«ጥርግ አድርጎ ነው የበላው» አልኳቸው።

«ተመስገን፤ በባዶ ሆዱ አልሄደም» ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሊደርስ ለገባው ሁሉ «በልቶ ነው የሄደው፤ ይኸው ጓደኛው ነገረኝ» እያሉ ወደኔ ያመለክታሉ። ሰዉ ዞሮ ያየኛል። እኔም አንገቴ እስኪዝል ድረስ «አዎ» እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ ዋልኩ።