የመምሬ የጠዋት መርፌ

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ወደሚኖሩት የስኳር ታካሚዬ ወደ መምሬ ቤት ጎራ አልኩ። ቄሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባለቤታቸው «ጾሙ ነው ያደከማቸው» አሉኝ። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ስኳራቸው ክፉኛ ወርዷል። ትንሽ ቢቆዩ ራሳቸውን ይስታሉ።

«ኢንሱሊኑን ወስደዋል?»

«አንቺው አይደለሽም ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ ያልሽኝ? ወሰድኩ።»

እውነታቸውን ነው፣ ብያለሁ። በጾም እስከ ስንት ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ ግን አልጠየቅኩም። ስኳር በውሃ በጥብጬ ሳቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ዛሬ ቀዳሹ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከቀመስኩ መቅደስ አልገባም።»

የመከራከሪያ ጊዜ አልነበረኝም። ብርጭቆውን ከፊታቸው ሳላነሳ ጠየቅኳቸው፤ «መምሬ፣ የንስሐ ልጅዎ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ቢመጣ ምን ይሉታል?»

«ጠጣ እለዋለሁ» አሉ ብርጭቆውን እያዩ።

«እንግዲያው ይጠጡ።»

«አንቺ ተንኮለኛ ነሽ» አሉና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጨለጡት።

ሩብ ሰዓት ቆይቼ ደግሜ ስለካ ስኳራቸው ተመልሷል። እኔ የመርፌው ሰዓት ከሚበሉበት ሰዓት ጋር እንዲስተካከል ወደ ሐኪሙ ደወልኩ። እሳቸው ደግሞ ወደ ሌላው ቄስ ደወሉ።

«ዛሬ አንተ ግባልኝ» አሉት እኔን እያዩ። «እኔን የንስሐ አባቴ ከልክላኛለች።»