«ከመጪው ወር ጀምሮ ይወደዳሉ»

ክቡራትና ክቡራን፣ ክብርት ሥራ አስኪያጃችን፣ እንዲሁም ስብሰባ ባረፈድኩ ቁጥር ወንበር ይዛችሁልኝ የምትጠብቁኝ ባልደረቦቼ፤ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጠዋት ፊኛውን ስትነፉ በመስታወቱ በኩል አይቻችሁ ነበር። ደስታችሁን ላለማበላሸት እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።

የስንብት ንግግሬን በጽሑፍ አላዘጋጀሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌላውን ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የራሴን ለማረም ሰነፍኩ። ደግሞ እንደምታውቁት ሐሳቤ መስኮት ይወዳል። ስንት ጊዜ ነው «ጋሼ፣ የት ሄዱ?» ብላችሁ የመለሳችሁኝ? አሁንም መሐል ላይ ከጠፋሁ ጥሩኝ።

እዚህ የገባሁት ከማተሚያ ቤት ነው። ወንድና ሴት በስልክ የሚያገናኝ መተግበሪያ ላይ መልእክት አራሚ ሆኜ ልቀጠር መሆኑን ስነግራት፣ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ «አንተ ሰው ልታገናኝ? መጀመሪያ ራስህን አገናኝ እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አላገባሁም። ስቃ ግን እስከ ዛሬ አልጨረሰችም።

እንግዲህ ዛሬ ስለ አንድ ስህተቴ ልናገር ነው የቆምኩት። ብዙዎቻችሁ ስህተት መሆኑን አታውቁም። እንዲያውም ተጨብጭቦልኛል።

የዛሬ አራት ዓመት ለወንዶቹ ደንበኞቻችን አንድ ማስታወቂያ እንዲወጣ ታዘዘ። የተሰጠኝ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ልዩ አባልነት ከመጪው ወር ጀምሮ ይወደዳል።» ዋጋው ሊጨምር ነውና ቶሎ ክፈሉ ማለታችን ነው። እኔ ግን፣ ጣቴ ይሁን ሐሳቤ እንጃ፣ መስኮቱ ላይ አንዲት እርግብ አርፋ ነበር፣ «ልዩ አባላት ከመጪው ወር ጀምሮ ይወደዳሉ» ብዬ ላክሁት። ለሁሉም።

አባልነት ሲወደድ ያው ዋጋ ነው። አባላት ሲወደዱስ?

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የከፈለው ወንድ ብዛት ቤቱን አናጋው። ላስተካክል ስሮጥ፣ «እንዳትነካው!» ተባልኩ። ቃሉ ከማስታወቂያው ተነሥቶ የክፍያው ገጽ ላይ ተተከለ፦ «ልዩ አባል ይሁኑ፤ ይወደዳሉ።» ለእኔም «ለላቀ የፈጠራ ችሎታ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እቤት ሰቀልኩት። እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ «ምን ፈጥረህ ነው?» አለች።

ወሩ ገባ። ደብዳቤም አብሮ ገባ። አብዛኛው ስድብ ነው፤ ስድብ ደግሞ ለምጃለሁ። ከመሐሉ ግን አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ወሩ ከገባ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። እስካሁን አልተወደድኩም። ምናልባት ተራዬ ገና ከሆነ እጠብቃለሁ።»

ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ምን ብዬ ልመልስለት? «ፎቶዎን ይቀይሩ» የሚለው የተለመደው መልሳችን እጄ ላይ ነበር፤ ጣቴ እምቢ አለኝ።

ተነሥቼ ወደ ቁጥር ባለሙያችን ሄድኩ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች፤ አይዞሽ፣ አላሳጣሽም። የከፈለ ሰው በእርግጥ የመመረጥ ዕድሉ ይጨምራል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሁለት ቀን ሠርታ መጣች። ከፋዩ በብዙ እጥፍ እንደሚታይ ነገረችኝ። ድሮም የሚመረጠው ሰው ሲከፍል ትንሽ ይጨመርለታል፤ ድሮ ያልተመረጠው ግን ከፍሎም ያው ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እኛ የምንሸጠው መታየትን ነው፤ መወደድን አይደለም» አለችኝ።

ለሰውዬው ደወልኩለት። ስለ ቃሉ ስህተትና ስለ ቁጥሩ ያልኩትን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ።

«ድሮ ያልመረጡኝ ስላላዩኝ ነው እያልኩ እጽናና ነበር» አለ። «አሁን አዩኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ፣ ከሰዓት ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ስትደርስ፣ አንድ ረጅም ኮሪደር ይታየኛል። ወንዶች ሸሚዛቸውን ተኩሰው ግራና ቀኝ ቆመዋል። በእያንዳንዱ ራስ ላይ አምፖል አለ፤ የከፈለ ሰው አምፖል ይደምቃል። ሴቶቹ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ክፉዎች አይደሉም፤ የሚፈልጉትን እየፈለጉ ነው። የሊፍት ሠራተኛው ከሁሉም ደማቅ ብርሃን ሥር ቆሟል፤ ስለዚህ ሲታለፍም ከሁሉ በላይ ይታያል። እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አለሁ፤ የአምፖሎቹ ማብሪያ እጄ ላይ ነው። «ጋሼ፣ የት ሄዱ?» ስትሉኝ እዚያ ነበርኩ።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ስልኩ። ልዘጋ ስል ከጀርባዬ የሚንቋቋው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የሕንፃችን ሊፍት ነው አልኩት። «በሩ ነው፤ ሐዲዱ ቆሽሿል» አለ። በሳምንቱ ማክሰኞ መሣሪያውን ይዞ መጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ ተንበርክኮ ሲጠርገው ባትሪ ያዝኩለት። ከዚያ ወርደን ሻይ ጠጣን። እነሆ አራት ዓመት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እንገናኛለን። እህቴ ስለ እሱ ስትጠይቀኝ፣ «በዘጠኝ ዓመት አገናኘሁት ብዬ የምምለው እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም ከራሴ ጋር» እላታለሁ።

ልዩ አባልነቱን ትቶታል። ነጻው ላይ ግን አሁንም አለ። ባለፈው ማክሰኞ፣ «መቼ ነው የምትወጣው?» አለኝ። ዓርብ አልኩት። «ቃሉስ?» አለ። ሻዩን አማሰለ።

ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ቃል ይታረም ብዬ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና አስተናግደውኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ «እናየዋለን» ብለውኛል። ክፉ ሰው አይደሉም። የዚህን ሁሉ ሰው ደመወዝ የተሸከሙ ሰው ነዎት፤ አውቃለሁ።

ነገር ግን የይለፍ ቃሌ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይሠራል። ጠዋት፣ እናንተ ፊኛ ስትነፉ፣ የክፍያውን ገጽ ከፍቼ ቃሌን አረምኩ። አሁን «ልዩ አባል ይሁኑ፤ ይታያሉ» ይላል። ሌላ ምንም አልነካሁም። የምስክር ወረቀቱንም ይኸው ከፍሬሙ ጋር አምጥቼዋለሁ።

የድሮውን ቃል መመለስ ትችላላችሁ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ስጽፈው እርግብ እያየሁ ነበር። የሚመልሰው ሰው ግን ያንን ሁሉ ወንድ እያሰበ፣ በገዛ ጣቱ፣ «ይወደዳሉ» ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ይህን ከእናንተ መካከል የሚችል ሰው ፈልጌ አጣሁ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያችሁ ስኖር ያተረፍኩትም ይኸው ነው።

በሉ ልሂድ፤ ሊፍቱ ጋ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ደግ አሳዳሪዎች ነበራችሁ። እጃችሁ የያዘው ይባረክ፣ ጤናችሁ አይጉደል፣ ቤታችሁ ስትገቡ ድምፃችሁን ለይቶ የሚነሣ ሰው አይጥፋ። ገበያው ይርከስላችሁ፤ እናንተ ግን ተወደዱ።