የሮዛና የጠባይ ወረቀት

ደህና አደርሽ ዴልያ? የዛሬው የባሕር ነፋስ ሸጋ ነው፤ አንሶላው ሳይረፍድ ይደርቅልናል። በይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ። ጉልበትሽስ?... ተመስገን። ነይ በዚህ በኩል እናስጣው፣ ከእመቤታችን የጽሕፈት ክፍል መስኮት ሥር። ክፍት ነው እንዴ? አላየሁትም...

የልጅ ልጄ ሮዛናማ አለች፣ ምን ትሆናለች። መጽሐፍ የሚጽፉ አንድ ትልቅ እመቤት ቤት ስድስት ዓመት ፀጉር ስታበጥር ኖራ፣ የዳኛው ሚስት ዘንድ የተሻለ ቦታ ተገኘላትና፣ «እመቤቴ፣ የጠባይ ወረቀት ይጻፉልኝ» አለች። ወጉ ነው፤ ያለዚያ ወረቀት እዚህ ኒውፖርት ማን ደጁን ይከፍትልናል? «ታማኝ ናት፣ ንጹሕ ናት»፤ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ለጋስ! የልጅቱን ጠባይ ሦስት መቶ ገጽ ጻፉላት፣ ያውም ጠርዙ ወርቅ የተቀባ!

ስም አልጠራም። እሳቸውስ መቼ ስም ጠሩ? ጥርሰ ፍንጭት፣ ስታበጥር የምታንጎራጉር፣ የእመቤቷን ጓንት ተደብቃ የምትለካ ገረድ ብቻ ነው ያሉት። ፍንጭት መቼም ሞልቷል... የዳኛው ሚስት ታዲያ መጽሐፉን አንብበው ኖሮ፣ ሮዛናን ደጅ አቁመው፣ «እስቲ ሳቂ» አሏት። ሳቀች የዋህ! «እኛ ቤት ብዙ ጓንት አለ» ብለው በሩን ዘጉባት። ሌሎቹም ቤቶች እንደዚያው። ይኸው ከፋሲካ ወዲህ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። ሁለት መስመር ለመጻፍ እኮ ዛሬም አልረፈደም... ቀለሙ ካላለቀባቸው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል ነበር። ከብዕር የወጣማ ሳሎን ነው የሚገባው!

ግን ጎበዝ ናቸው፣ ሐሰት አልናገርም። ወጥ ቤቷ ስታነብልኝ ስለ ትዳር የጻፉት አስለቀሰኝ። ባል ሦስት ዓመት ከጀልባው ሳይወርድ ትዳርን እንዲህ አጥርቶ ማወቅ... ከየት አመጡት? ምናብ ነው መቼም።

እኔማ ምን አውቃለሁ፣ ፊደል አልቆጠርኩ። ሃያ ዓመት አንሶላ ማጠብ ብቻ። ጌታው ባሕር ላይ ሳሉ የማን ትራስ የወንድ ፀጉር ቅባት እንደሸተተ... እግዜር ፊደል የነሳኝ ለማን አዝኖ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ምነው ሳቅሽ? ቁም ነገር እያወራሁ!

ብቻ ዕድሜ ይስጣቸው። እጃቸውን ይባርክ። ከሰማይ ደጅ ሲደርሱም፣ የእሳቸውን ጠባይ የሚጽፍላቸው መልአክ ልክ እንደሳቸው ቸር፣ ልክ እንደሳቸው አንዲት ነገር የማያስቀር ይሁንላቸው... አሜን በይ እንጂ ዴልያ!