ሟቹ ተከራይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ከየቤቱ መጻሕፍት ለምኖ መጽሐፍ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ማድረስ ነው። ያን ቀን አሥራ አንድ ካርቶን ሞልቶልኝ ስለ ነበር ሚኒባስ ልከራይ ወጣሁ። ጊዜው ቀትር ነው፤ ጉሙ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም። መኪኖች መብራት አብርተው በዝግታ ይሳባሉ፤ ከአምስት እርምጃ በላይ ሰው አይታይም።

የመኪና ኪራይ ግቢው በር ላይ አንዲት ወጣት ላፕቶፕ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ጠጋ ስል አወቅኋት። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ የኪራይ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው ሴት፣ አክስቷ ናቸው። ከተሳሳምን በኋላ በብርድ ለምን እንደምትቆም ጠየቅኋት።

«ይስቁብኝ ይሆናል መምህር። ለመግባት ፈርቼ ነው» አለችኝ።

አልሳቅሁም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችኝ። የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ የአክስቷን የኪራይ መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ላዛውር ብላ መጥታለች። አክስቷ ግን «መጀመሪያ መዝገቡን እይው» ብለው ሦስት ቀን አስቀመጧት። ትናንት እትዬ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ቀሩ፤ ጸሐፊው ክሊኒክ ሄዱ። እሷም ቢሮውን ቆልፋ ምሳ ልትበላ ወጣች። በሰዓቱ ስትመለስ መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ተጽፏል፤ ቀለሙ አልደረቀም። ሚኒባሱ ወጥቷል ይላል። በተከራይ ቦታ ላይ የሰፈረው ደግሞ የአክስቷ ባል ስም ነው።

ያን ሰው የቀበርነው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

«ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የትናንቱ ብቻ አይደለም። በየወሩ መኪና ይወስዳሉ። ይመልሳሉም።»

የተማረች ልጅ እንዲህ ስትል መስማት ደስ አይልም። እጇን ይዤ አብረን ገባን።

ቢሮው ረጅምና ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ቁልፎች በየሚስማራቸው ይንጠለጠላሉ፤ የጎማና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ከመስኮቱ ውጭ መኪኖቹ ጉሙ ውስጥ በከፊል ጠፍተው የአንዳንዶቹ ጣሪያ ብቻ ይታያል። እትዬ ጥቁር ሹራብ ደርበው ከመዝገቡ ፊት ተቀምጠዋል። መዝገቡ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። ጸሐፊው፣ በሟቹ ጊዜ የተቀጠሩ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ጥግ ላይ ብዕራቸውን ይጠራርጋሉ።

ከሰላምታ በኋላ ሚኒባስ ፈልጌ መምጣቴን ተናገርኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይሉ «ሚኒባሱ ወጥቷል» አሉ። ልጅቷ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

እትዬ ወንበር ሰጡኝና እኔን ዳኛ አድርገው ክርክሩን ጀመሩት። ይህች ልጅ የባለቤታቸውን የእጅ ሥራ ልትቆራርጥ መምጣቷን፣ እሳቸው ግን መዝገቡ ምን እንደጎደለው ፈጽሞ እንዳልገባቸው ነገሩኝ።

«በአንድ መስመር ላይ ሁሉ ነገር አለ» አሉ። «የተከራዩ ስም፣ ስልኩ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የፍሬኑና የጎማው ሁኔታ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን። ዓይኔን ከዚህ እስከዚያ ብወስድ የምፈልገውን አገኛለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?»

«ሕመሙ እኮ እሱ ነው አክስቴ» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ሁሉ ነገር በየመስመሩ እንደ አዲስ ይጻፋል። መሬት ቀያሹን ይመልከቱት። ደንበኛ ስለሆነ አርባ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ሦስት ዓይነት ስልክ አለው። የትኛው ነው የሱ?»

«የመጨረሻው ነዋ።»

«የመጨረሻው መስመር ከአሮጌ ገጽ ተገልብጦ ቢሆንስ?»

እትዬ ወደ ጸሐፊው ዞር አሉ። ጸሐፊው ብዕራቸውን መጠራረግ ቀጠሉ። ልጅቷ የግራጫዋ መኪና ጎማ በአንድ ገጽ «ያለቀ»፣ በሚቀጥለው «ደህና» ተብሎ መጻፉን፣ አንድ ተከራይ ደንበኝነቱን ስለተወ ገጹ ሲቀደድ የመኪናው የጥገና ታሪክም አብሮ መጥፋቱን አሳየች። እትዬ ግን ለእያንዳንዱ ማስተባበያ አላጡም። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፣ ጸሐፊው ይጠነቀቃሉ፣ እስከ ዛሬም ሠርተንበታል አሉ። እኔም ልናገር እልና እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ የሚከላከሉት ወረቀቱን እንዳልሆነ ይታየኛል።

በመጨረሻ ልጅቷ በሩ ላይ ያስፈራትን ነገር አወጣችው።

«ይቅር ይበሉኝና አክስቴ፣ ባለቤትዎ በዚህ መዝገብ የሞቱት፣ የሞታቸው ቀን በሰፈረበት አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። በሌላው ገጽ ሁሉ በሕይወት አሉ።»

የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ይሰማል። እትዬ አልተቆጡም። እጃቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ በዝግታ ተናገሩ።

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ሁለት ቀን አልተኛሁም። ከዚያ ለመድኩት። መኪናውን ይወስዳል፤ ይመልሳል። አንድም ቀን ጭረት አላመጣም። ምን ብዬ ልከልክለው?»

ሴትዮዋ አልቀለዱም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ መስመር እያነበቡ ከባላቸው ጋር ኖረዋል።

ያን ጊዜ ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የምጽፈው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ተሰብስቦ ሲቀርብ ይህ ነው። መዝገቡ ላይ የተከራይ ስም ሳይኖር መኪና የሚጻፍበት ቦታ የለም። መኪና ሲበላሽ ጋራዥ መግባቱን ለመጻፍም የግድ ሰው ያስፈልጋል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ በተከራዩ ቦታ የራሳቸውን ስም ይጽፉ ነበር። ሲሞቱም ጸሐፊው ሌላ ዘዴ ስላላገኙ በዚያው ቀጠሉ። የእጅ ጽሑፋቸውን ከሟቹ የተማሩ ስለሆነ ፊደሉ እንኳ አንድ ነው። እትዬ ስሙን ሲያዩ ፊታቸው ፍክት እንደሚል ስላስተዋሉ እውነቱን መናገር አቃታቸው።

እትዬ «ስለዚህ እሱ አይደለም» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

እኔ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ የልጅቷ ሐሳብ ቀድሞ ሌላ ቦታ ደርሷል።

«በሳቸው ስም የተጻፈ መኪና ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት ነው?» ብላ ጸሐፊውን ጠየቀች። አዎ አሉ። «ታዲያ ትናንት በስማቸው የተጻፈው ሚኒባስስ?»

«ትናንት ክሊኒክ ነበርኩ፤ ምንም አልጻፍኩም» አሉ ጸሐፊው። «ሚኒባሱን ዛሬ ጠዋት ለቀያሹ ሰጥቼዋለሁ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነው።»

ገጹን ገለጥነው። በግራው ገጽ፣ በትናንቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ሚኒባሱ፣ የሟቹ ስም፣ ከጎኑም «ፍሬን» የሚል አንድ ቃል አለ። ዛሬ ጠዋት ጸሐፊው አዲስ ገጽ ሲጀምሩ የመኪናውን ሁኔታ የገለበጡት ካለፈው ሳምንት ነበር፤ እዚያ ላይ «ደህና» ይላል። የአንድ ሚኒባስ ፍሬን ግራ ገጽ ላይ ታሟል፤ ቀኝ ገጽ ላይ ጤነኛ ነው። ጤነኛውን አምነው አራት ነፍስ ጫኑበት።

ልጅቷ ከቀያሹ ስልኮች የመጀመሪያውን ደወለች፤ ዝግ ነው። ሁለተኛውን ስትሞክር አንዲት ሴት አነሣች። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችን ሰማን። «እሱ እዚህ የለም። ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?» አለችና ዘጋችው። ሦስተኛው ረጅም ጊዜ ጠራ። ጸሐፊው ጠረጴዛውን ይዘው ቆመዋል። ሊቋረጥ ሲል ተነሣ፤ መጀመሪያ የሰማነው የንፋስ ድምፅ ብቻ ነበር።

ከዚያ የሕፃን ሳቅ መጣ። ቀያሹ ጉሙ ስለበረታበትና ልጆቹ ሽንት ስለያዛቸው ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሟል። ፔዳሉ እግሩ ሥር ልስልስ ብሎበት ሊደውል እያሰበ ነበር። ልጅቷ ንቅንቅ እንዳይል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ እንዲያደርግ ነገረችው። ጸሐፊው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

መኪኖቹን የሚጠግነውን መካኒክ ጠርተን ላክነው። ከመሄዱ በፊት የተናገረውን እኔ እንደሰማሁት እጽፋለሁ፤ ማብራሪያ የለኝም። ትናንት በምሳ ሰዓት እዚህ ቢሮ ደውሎ የሚኒባሱ ፍሬን አደገኛ መሆኑን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንደሚወስደው፣ ለማንም እንዳይሰጥ ተናግሯል። አንድ ሽማግሌ አንሥቶ «ጽፌዋለሁ» አለው። መካኒኩ ጸሐፊው መስለውት ነበር። ጸሐፊው ግን ከክሊኒክ ወጥተው በቀጥታ ቤታቸው መግባታቸውን በልጆቻቸው ማሉ። ቢሮው ደግሞ ተቆልፎ ነበር።

ልጅቷ፣ «ወረቀት ማን እንደጻፈበት አይናገርም። እኔ የምሠራው ላይ እያንዳንዱ መስመር ማን፣ በስንት ሰዓት እንደጻፈው ይይዛል» አለች።

እትዬ መዝገቡን ዘጉና «እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

ልጅቷ ላፕቶፑን አልከፈተችም። አራት ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«የሰው ስልክ የኪራዩ ነው የሰውየው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የሰውየው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ሰዎች የሚጻፉበት ሠንጠረዥ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። ሲቀየርም እዚያው ይቀየራል። ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሰዎች እንዳይምታቱ ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር እንሰጠዋለን። ታርጋና ቀለምስ የማን ነው?»

«የመኪናው።»

«ስለዚህ ወደ መኪኖች ሠንጠረዥ ይገባል። መኪናውም ተከራይ ኖረውም አልኖረውም በራሱ ይቆማል፤ ስም ማበደር አያስፈልገውም። ኪራይ ላይ የሚቀረው እንግዲህ ጥቂት ነው፤ የሰውየው ቁጥር፣ የመኪናው ቁጥር፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን። አራተኛው ወረቀት የጋራዥ ነው። መኪና አሥር ጊዜ ቢበላሽ አሥር መስመር ይሆናል። ኪራይ ልንጽፍ ስንል ማሽኑ መጀመሪያ ወደዚህ መጥቶ ‹ያልተጠናቀቀ ጥገና አለ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። ካለ አይጽፍም። በትምህርት ቤት ኖርማላይዜሽን ይሉታል። ትርጉሙ፣ አንድ እውነት አንድ ቤት ይኑረው ነው።»

«ግን ሰውየውን ከመኪናው ለያየሽው» አሉ እትዬ። «ነገሩ ተበታተነብኝ።»

«ቁጥሩ ያገናኛቸዋል። ማን ምን እንደወሰደ ሲጠይቁ አሁን እንደሚያዩት ባለ አንድ መስመር አድርጎ ያመጣልዎታል። ልዩነቱ፣ ሲያሳይዎት አንድ ያደርጋል እንጂ ሲያስቀምጥ አይደጋግምም።»

እትዬ አራቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አዩአቸው። ሁለቱን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡ።

«እሱስ የት ይጻፋል?» አሉ።

ልጅቷ ጎንበስ አለች። እትዬ ለራሳቸው መለሱ።

«ተከራይ አይደለም። መካኒክም አይደለም።» ወረቀቶቹን ወደ ልጅቷ ገፋ አድርገው፣ «በይ ሥሪው» አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ካርቶኖች ለማስጫን ስመለስ ጉም አልነበረም። እትዬ ራሳቸው ከማሽኑ ፊት ተቀምጠው፣ በአንድ ትንፋሽ የትኛው መኪና የት እንዳለ፣ ቀጣይ ጥገናው መቼ እንደሆነ፣ ተከራዩ በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ ነገሩኝ። አንድ ሰው ስልኩን ሲቀይር አርባ ገጽ የሚያርም የለም፤ የደንበኛ መውጣት የመኪናን ታሪክ ይዞ አይጠፋም፤ የታመመ መኪና በስሕተት ለጤነኛ ሰው አይሰጥም። ልጅቷም ሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ሰጥቷታል። ይህን የምተርከው መዝገብ የያዘ ሁሉ፣ ሱቅም ይሁን ሆስፒታል፣ አንዱን እውነት አሥር ቦታ ሲጽፍ አሥር የተለያየ እውነት እያዘጋጀ መሆኑን እንዲያስብበት ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደነበር ያጫወቱኝ ጸሐፊው ናቸው። ግራጫዋ መኪና ጋራዥ ገባች። እሳቸውም በልማድ ኪራይ የሚለውን ከፍተው የሟቹን ስም ጻፉ። ማሽኑ «እንዲህ ያለ ተከራይ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደግመው ጻፉት፤ ደግሞ ያንኑ መለሰ። እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ ወደ እትዬ ተመለከቱ።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጽሑፉን ቀረብ ብለው አነበቡት።

«ልክ ነው» አሉ። «የለም።»