የድብቅ ኪስ ቀብድ

— ሄሎ… አቤት… አዎ፣ ልብስ ስፌት ቤት ነው፣ ማን ልበል?… ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ቆይ፣ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነው፣ ላቁመው… ይኸው፣ አሁን ይናገሩ።

… ምን ያንሾካሹካሉ? ሱቅ ውስጥ ሰው አለ?… ብቻዎን? ታዲያ ከማን ይደብቃሉ፣ ከሚሸጡት ሚስማር ነው?… አይ፣ አልሳቅኩም። ሳል ነው።

… ኪስ? የቱ ኪስ?… አሃ፣ የውስጠኛው! ጋሼ፣ እሱን ከሰፋሁ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ስልኩ ውስጥ ከከተተ ወዲህ ድብቅ ኪስ የሚያሰፋ ጠፋ። ድሮ እኮ ባል ከሚስት፣ ሚስት ከባል ሲደበቅ እኔ ነበርኩ በመሃል የምተዳደረው።

… የድሮ ኮትዎስ? እኔው ነኝ ብብቱ ስር ኪስ ያበጀሁለት… ለሱቁ ጥበቃ ሰጡት? ውስጡን ፈትሸው ነው?… ጎሽ።

… ቆይ፣ አልገባኝም፣ ከሥሩ ይንገሩኝ… ደንበኛው ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው፣ እሺ… መሳቢያው ባዶ ነው፣ እሺ… ታዲያ ለልጅዎ ከስልክዎ መላክ ነዋ!… መልእክቱ የት ነው የሚገባው?… እትዬ ስልክ ላይ? የእርስዎ ሂሳብ መልእክት በባለቤትዎ ስልክ? ማነው እንዲህ ያደረገው?… እርስዎ ራስዎ!

(ልብስ ሰፊው በርጩማውን ስቦ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ወሬ ቆሞ አይሰማም።)

— "ጢው ጢው ሲል እንቅልፍ ይነሳኛል፣ የባለቤቴን ቁጥር ጻፊው" አሏት ለባንክ ቤቷ ልጅ?… አይ ጋሼ። በገዛ እጅዎ እኮ ነው ጠባቂ የቀጠሩት። አሁን ቧንቧ ሲሸጡ እትዬ ያውቃሉ፣ ሻይ ሲጋብዙ ያውቃሉ። ጥሬ ገንዘብ ደጉ፣ ከኪስ ሲወጣ ለማንም አይናገርም ነበር።

… ወለደች? ልጅዎ? መቼ?… ሴት! እንኳን ደስ ያለዎት፣ አያት ሆኑ እኮ!… እሺ፣ ድምፄን ቀነስኩ… አውቃለሁ፣ ምለዋል። "ያለ ፈቃዴ ላገባች ልጅ ከእጄ ቤሳ ቤስቲን አትወጣም" ሲሉ ዘመድ አዝማዱ መሃል እኔም ነበርኩ። በማግስቱ ኮቱን ይዘው ሲመጡም ነበርኩ።

… አይዞዎት ጋሼ። ናፍቃዎታለች፣ ይኸው ነው። የልጅ ልጅ ለማየት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ገባኝ።

… ለእትዬ ለምን አይነግሯቸውም ታዲያ?… እሳቸው ከእርስዎ ብሰው ነው የማሉት?… ቢያውቁ ቤቱን ያፈርሱታል?… እህም… እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ የሚሰፋው የራሱን አፍ ነው።

(የሚያውቀውንስ ያውቃል። ግን ምሽቱን ሙሉ ቢጠይቁት አይናገርም፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሎት ነበር።)

— እሺ፣ እንዲህ ነው ሐሳብዎ፦ አንዳንድ ደንበኛ ለምነው በጥሬው ያስከፍላሉ፣ እኔ ኪሱን ሱሪዎ ውስጥ እሰፋለሁ፣ እርስዎ በእትዬ ፊት እያፏጩ ያልፋሉ… ግድ የለም፣ ቀብዱ ሲመጡ ይደርሳል…

(በሩ ተከፈተ። የገቡትን ሴትዮ ሲያይ ስልኩን ሊጥለው ምንም አልቀረው።)

— ውይ… ደህና ዋሉ እትዬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ያን ጨርቅ ወዲያ ያርጉት። የደወለችው አንዲት ደንበኛ ነች፣ ስለ ቀሚስ ነው… እሺ እህቴ፣ የት ደርሰን ነበር?… አንቺ ነሻ፣ ሌላ ማን አለ… አላበድኩም! አሁን የገቡት ሰው አንቺንም ቀሚስሽንም በደንብ ያውቃሉ… አዎ። እሳቸው… እንዳትዘጊ! ዝም ብለሽ ጠብቂ።

(ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው።)

— ምን ልታዘዝ እትዬ?… ምነው በጆሮዬ?… የቀሚሱ ኪስ? ጠርዙ ውስጥ የሰፋሁልዎ?… ተቀዷል፣ ይታደስ። እንዴ፣ ጋሼ ለባለ ሱቁም ለአትክልት ሻጯም በስልክ ስለሚከፍሉ ከአስቤዛው የምቆነጥረው ቀረ ብለውኝ አልነበር?… ሹራብ ሠርተው ሸጡ፣ በጥሬው… ለአራስ ልጅዎ… ማን፣ እኔ? መውለዷን አልሰማሁም! አሁን ከእርስዎ ነው የሰማሁት… ጋሼ እንዳያውቁ? እትዬ፣ በዚህ በኩል አይስጉ።

(ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰው።)

— ሄሎ፣ እህቴ… ምን? ቀብዱን አሁን ትልኪልኛለሽ? በምን?… በስልክ?… አይላኩ! ጋሼ፣ አይላኩ! መልእክቱ የት እንደሚገባ ረሱት?… ነኩት?… ሄደ?

(የእትዬ ቦርሳ ውስጥ ጢው ጢው አለ።)

— ከድጡ ወደ ማጡ… ጋሼ፣ አሉ?… እትዬ መነጽራቸውን እያደረጉ ነው… እያነበቡ ነው… አሁን የስፌት ቤቴ ስም ላይ ደርሰዋል… አሁን እኔን እያዩኝ ነው።

… እትዬ፣ እኔ እኮ… እሺ። እሺ፣ እናገራለሁ። ጋሼ፣ እንዳይዘጉ። ሁለታችሁም ስሙኝ። የጋሼ ገንዘብ በብብት፣ የእትዬ በቀሚስ ጠርዝ፣ ሁለቱም ሲገባ የኖረው አንድ ልጃችሁ ቤት ነው። እሷም ከሁለታችሁም እየተቀበለች ዝም አለች። ድብብቆሹን ከማን እንደወረሰች እናንተ ታውቃላችሁ።

… ጋሼ፣ እትዬ እያለቀሱ ነው… አይ፣ እየሳቁም ነው፣ ሁለቱንም። "እሱን ላስደስት ብዬ ነው የማልኩት" ይላሉ… ምን?… ለእኔ ምን ይነግሩኛል፣ ለእሳቸው ይንገሯቸው እንጂ… አልችልም? እሺ። እትዬ፣ እርስዎን ፈርተው ነው የደበቁት።

… አሁኑኑ? ሱቁን ዘግተው?… እትዬ፣ እየመጡ ነው፣ አብረን ልጃችን ዘንድ እንሂድ ይላሉ… ጋሼ፣ ይምጣ ይላሉ እትዬ። እዚሁ ይጠብቁዎታል።

… ጥሩ። በጣም ጥሩ። እኔ በአንድ ስልክ ሁለት ሥራ አጣሁ።

… ቀብዱን ልመልስ? ጋሼ ይሙቱ፣ በስልክ መቀበል እንጂ መመለሱን ገና አልተማርኩም… ይልቅ ለሕፃኗ ቀሚስ እሰፋበታለሁ… አዎ፣ እትዬ ልኩን ይነግሩኛል… ኪስ? የምን ኪስ? እሷ እኮ ገና ከማንም የምትደብቀው የላትም… በሉ፣ ይምጡ። ደህና ይሁኑ።